ከፊት መብራትዎ ሥር ስለተንጠለጠለችው ቢጫ ገመድ

ይድረስ ለክቡር የነጎድጓድ ከባድ ሞተር ብስክሌት ነጂዎች ማኅበር ሊቀመንበር፤
በያሉበት ያሉ አባላትም ይስሙልኝ።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ ካሜራ ባየ ቁጥር ወደ ግራ ዘንበል የሚለው አንገትዎ ሁሉ ደህና ይሁንልን። ባለቤትዎና ልጆችዎ ይክበሩ። የመለዋወጫ መደብርዎም ዕድሜው ይርዘም፤ እሱ አንድ ቀን ቢታመም ግማሹ ማኅበር በእግሩ መሄዱ ነውና ለእሱ እንኳ ከልቤ ነው የምጸልየው።

በሥራ ብዛት ረስተውኝ እንደሆነ፣ እኔ የጋሽ ካንዴላ ልጅ ነኝ፤ ልብስ ሰፊዋ። ጀርባው ላይ መብረቅ የተጠለፈበትን፣ ሆዱ ላይ ሁለት ጊዜ ያሰፋሁልዎትን ያን ጥቁር የቆዳ ጃኬት የሰፋሁልዎት ነኝ። አባቴ ጋሽ ካንዴላ የተባለው ትርፍ ካንዴላ ከኪሱ ተለይቶት ስለማያውቅ ነው። ለማያውቅ አንባቢ ለማስረዳት ያህል፣ ካንዴላ ሞተሩ እንዲነሣ እሳት የምትጭር፣ ከአውራ ጣት የማትበልጥ ዕቃ ናት፤ ነጎድጓድ የሚነዳ ሰው ያለ ትርፍ ካንዴላ ከቤቱ ከወጣ ያለ ሱሪ እንደ ወጣ ይቆጠራል። እርስዎንም ሞተር መንዳት ያስተማረዎት ይኸው ሰው ነው። የመጀመሪያ ቀን ግቢያችን ውስጥ ከጽዱ አጥር ጋር ሲጋጩ ከቅርንጫፉ ያላቀቀዎትም እሱ ነው።

ባለፈው ሳምንት የሥነ ሥርዓት ኮሚቴዎ በማኅተም ያሸበረቀ ደብዳቤ ልኮልናል። የአባቴ ዓይን ስለደከመ ያነበብኩለት እኔ ነኝ። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ አባቴ የማኅበሩ መሥራች ሆኖ ሳለ በዓመታዊው የተራራ ጉዞ ላይ በባዕድ ሞተር ብስክሌት ታይቷል፤ በባዕዱ ሞተር ቀርፋፋነት ጉዞውን አዘግይቷል፤ ክቡርነትዎም ሽማግሌ ጥሎ መሄድ አላስችል ብሎዎት ተራራ ላይ ቆመው ሊጠብቁት ተገደዋል፤ ስለዚህ የመሥራችነት ጃኬቱን ይመልስ። አንብቤ ስጨርስ አባቴ ጃኬቱን አወለቀ፣ ካንዴላዋን ከኪሱ አወጣ፣ ጃኬቱን አጣጥፎ ጭኔ ላይ አኖረና “መልሺላቸው፤ ደንብ ደንብ ነው” አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በረንዳው ላይ በስስ ሹራብ ነው የሚቀመጠው። ሌላ ልብስ ባመጣለት አይለብስም። ይበርድሃል ስለው “አልበረደኝም” ይላል። ይበርደዋል።

እኔ ግን እንደ አባቴ ጨዋ አይደለሁም፤ በምላሴ ወደ እናቴ ነው የወጣሁት። ስለዚህ ምስጋናዬን በቁጥር ለይቼ፣ ሰው ሁሉ እንዲያነበው አድርጌ፣ በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ የአባቴን ታማኝነት ለመመርመር ስለደከሙ አመሰግናለሁ። እኔ በተወለድኩ ቀን አባቴ እናቴን ሆስፒታል አስገብቶ ልብስ ሊያመጣላት በነጎድጓዱ ወጣ። ሲመለስ እኔ ተወልጄ፣ ታጥቤ፣ ተጠቅልዬ፣ የሚለቀሰውን ሁሉ አልቅሼ ተኝቼ ነበር። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ “ሁለቱንም እኩል ነበር የምጠብቃቸው፤ ልጅቷ ቀደመች” ትል ነበር እስክትሞት። በሠርጌ ዕለት ደግሞ የሙሽራዋ አባት ነጎድጓዱን በሽንኩርት ጆንያ መሀል አስተኝቶ በጭነት መኪና ደረሰ። በሠርጌ ፎቶ ሁሉ ላይ ትከሻዬን ያቀፈኝ እጅ በዘይት ጠቁሮ ይታያል፤ ቬሎዬ ላይ የቀረውም አሻራ እስከ ዛሬ አልለቀቀም። እንዲህም ሆኖ አባቴ “ሞተሬ ተበላሸ” ብሎ አያውቅም። በማኅበራችሁ ነጎድጓድ አይበላሽምና። ነጎድጓድ “ትንፋሽ ይወስዳል”። አባላቱ መንገድ ዳር ቁጭ ብለው ትንፋሹን እስኪጨርስ የሚጫወቱት ጨዋታ፣ የሚለዋወጡት መፍቻ፣ የሚማማሉት መሐላ፣ እሱ ነው ወንድማማችነት የሚባለው። እኔ በሙያዬ እንዲህ ያለ ዕድል አልገጠመኝም። መቀሴ አልቆርጥ ሲለኝ ትንፋሽ ወሰደ አልልም፤ አስለዋለሁ፣ እምቢ ካለ ሌላ እገዛለሁ። ክሩ የሚፈታ ቀሚስ ሰፍቼ ለደንበኛዬ “እህቴ፣ ይሄ እኮ ባሕርይው ነው” ብላት ቀሚሱን ፊቴ ላይ ነው የምትወረውረው።

ሁለተኛ፤ አሁን ለያዝነው ሞተር ላወጣችሁለት ስም አመሰግናለሁ። ድምፁ ስለማይጮኽ “የስፌት መኪና” ብላችሁታል። ክቡር ሆይ፣ ስድብ ለመስደብ አስባችሁ ከሆነ የተሳሳተ ሰው ነው የሰደባችሁት። የስፌት መኪናዬ ሁለት ልጆቼን አብልታ፣ አልብሳ፣ አስተምራልኛለች፤ አንድ ቀን እንኳ መንገድ ላይ ጥላኝ አታውቅም። ነጎድጓዱን ለምን ተዋችሁት ብሎ የጠየቀን ሰው የለም እንጂ ብትጠይቁን እንነግራችሁ ነበር። የአባቴ ጉልበት ከደከመ ወዲህ የምነዳው እኔ ነኝ፤ እሱ ከሞተሩ ጎን በታሰረው ባለ አንድ ጎማ ጋሪ ውስጥ ይቀመጣል። አምና በክረምቱ ሜዳ መሀል ስንደርስ ነጎድጓዱ ትንፋሽ ወሰደ። ዛፍ የለ፣ ቤት የለ። ዝናቡ ወረደብን፤ እኔ እገፋለሁ፣ እሱ ጋሪው ውስጥ ውሃ ተኝቶበት “ካንዴላውን እይው እስቲ ልጄ” ይለኛል። ከዚያ የሳንባ ምች ያዘው። ሐኪሟ ሁለተኛ እንዲህ ያለ ዝናብ ቢመታው ኋላ እንዳልወቅሳት ነገረችኝ። ካልጋው ሲነሣ ራሱ ጠርቶኝ “ልጄ፣ ፍቅር ሌላ፣ መድረስ ሌላ” አለኝና የማይቆም ሞተር እንድፈልግ አዘዘኝ።

አገኘሁለት። ከነጎድጓድ ዋጋው ይቀንሳል፣ ነዳጅ ይቆጥባል፣ የእርስዎን መደብርም ደጅ አያስጠናም። ይህ የመጨረሻው ዋነኛ ነውሩ እንደሆነ ዘግይቶ ነው የገባኝ። ውሻ በበላበት ይጮኻል የሚለውን ተረት ግን ለእርስዎ ክብር ስል አልጠቅሰውም። ሞተሩን ግቢያችን ውስጥ በውርጭ ጠዋት አስነሣሁት፤ ወዲያው ተነሣ። አጥፊው አለኝ፤ አጠፋሁት። አስነሺው አለኝ፤ ተነሣ። እንዲህ እያልን ቆየንና አባቴ ፊቱን አጨፍግጎ “ይሄማ ምን ጨዋታ አለው!” አለ። ቢሆንም ገብቶ ተቀመጠ። አሮጌው ነጎድጓድ አልተሸጠም። ዛሬም ጓሮ ብርድ ልብስ ለብሶ ቆሟል፤ አባቴም የሞተች ሚስቱን ፎቶ እንደሚወለውል ሰው ጠዋት ጠዋት ይወለውለዋል። ከሃዲ ብላችሁ የጻፋችሁት ይህንን ሰው ነው።

ሦስተኛ፤ የጉዞው ዕለት ስላደረጉልን ቸርነት አመሰግናለሁ። ኮሚቴዎ አባቴ ከሰልፉ ጋር እንዳይነሣ ከልክሎ፣ የሰልፉ አቧራ ከጠፋ በኋላ ግን “እንደ ማንኛውም መንገደኛ” መከተል እንደሚችል ፈቅዶለት ነበር። በሕዝብ መንገድ ላይ ለመሄድ ፈቃድ መስጠት ምን ያህል ልበ ሰፊነት እንደሚጠይቅ አውቃለሁ። የማይገባኝ፣ ከኋላ እንዲከተል የታዘዘ ሽማግሌ ከፊት ያለውን ሰልፍ እንዴት አድርጎ እንዳዘገየው ነው። ይህን የሚያስረዳኝ የኮሚቴ አባል ቢገኝ ሱሪውን በነጻ አሳጥርለታለሁ።

የተራራው ወገብ ላይ ስንደርስ ያገኘነው ነገር ይኸውልዎ፤ እርስዎ ያውቁታል፣ አባላቱ ግን ይስሙት። ሰልፉ አልፏል። ነጎድጓድዎ መንገድ ዳር ቆሟል፣ የማኅበሩ መካኒክ በሆዱ ተኝቶ ከሥሩ ይቆፍራል፣ እርስዎ ደግሞ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ተራራውን ያደንቃሉ። ለአባላቱ “እኔ ጋሽ ካንዴላን እዚሁ ልጠብቀው፤ እናንተ ከተማው መግቢያ ላይ ተሰልፋችሁ ጠብቁኝ” ብለው እንደሸኟቸው ያኔ አላወቅንም። እንዴት ያለች ብልሃት ናት! ሞተሩ ቆሞብዎት ሳለ ቆሙለት ተባለ። እኔ፣ አልዋሽዎትም፣ ክላክሴን ነፍቼ አቧራዬን አልብሼዎት ልሄድ ነበር። አባቴ ግን በከዘራው ክንዴን መታ አደረገኝ። የማኅበራችሁ የመጀመሪያው ደንብ “የቆመ ወንድም አይታለፍም” የሚል ነው፤ ያወጣውም እሱ ነው። ቆምኩ። ካንዴላዋን ከኪሱ አውጥቶ ለመካኒኩ ሰጠው፤ አልረዳችም፤ የተሰበረው ሌላ ዕቃ ነበር። መካኒኩ ስሙን ነግሮኝ ረሳሁት፤ ከማን መደብር እንደተገዛ ግን አልረሳሁትም።

ከዚያ አባቴ ከመቀመጫው ሥር ቢጫዋን ገመድ አወጣ። ያቺን ገመድ የማኅበሩ አንጋፋዎች ሁሉ ያውቋታል፤ በሕይወቷ ያልጎተተችው ነጎድጓድ የለም። አንዱን ጫፍ ከእኛ፣ ሌላውን ጫፍ ከፊት መብራትዎ ሥር አሠርን። በዚህ ሁኔታ፣ ክቡር ሆይ፣ ዳገቱን በሙሉ የጎተተዎት የስፌት መኪናው ነው። እርስዎን፣ ሞተርዎንና ሆድዎን ተሸክሞ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። አባቴ በየመታጠፊያው ዞር እያለ “ደህና ነህ አይደል?” ይልዎት ነበር። መልስ አልሰጡትም፤ ነፋሱ ይሆናል።

አራተኛ፤ ከከተማው በላይ ያለችው የመጨረሻዋ መታጠፊያ ላይ ስላደረጉት ነገር ምን ብዬ እንደማመሰግን ቸግሮኛል። ከዚያ ወዲያ ቁልቁለት ነው፤ ሞተር አያስፈልግም። ፍቱኝ አሉ። ቋጠሮው በእርስዎ በኩል ጠብቆ እምቢ ሲል ከታች ከአባላቱ ጋር የሚጠብቀው ፎቶ አንሺ እንዳያየን ቸኩለው፣ በራሱ ሞተር ሲከተለን ከነበረው መካኒክ ቢላዋ ተቀብለው የአባቴን ገመድ ቆረጧት። ከዚያም አባቴን፣ ያውም ጎንበስ ብለው ጆሮው ላይ፣ ፎቶው ተነሥቶ እስኪያልቅ ከነዳጅ ማደያው ጀርባ ዞር ብለን እንድንቆይ ለመኑት። አባቴ “ግድ የለም፣ ሂድ” አለዎት። እርስዎ ወረዱ፤ እኛ ማደያው ጀርባ ጎማ ከሚነፋበት ጋ ቆምን። ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ፀጉሩን በእጁ አበጥሮ፣ እንደሚጠራ ሰው ተዘጋጅቶ ነበር የተቀመጠው። ከወዲያ ጭብጨባው ሲሰማ እሱም አጨበጨበ። ማንም አያየውም፤ ብቻውን አጨበጨበ። የጠራው ሰው አልነበረም፤ መሸብንና ወደ ቤታችን ተመለስን።

እዚህ ላይ ቀልዱን ልተወውና በግልጽ ልናገር። እኔ በዚያች ጭብጨባ ተቃጥያለሁ። እስከ ዛሬም እየነደድኩ ነው። ገመድ ይቆረጥ፣ ገመድ ይገዛል። ሽማግሌ ሰው ሸሽጎ፣ በሸሸገው ሰው ላይ ደግሞ አዘገየኝ ብሎ መክሰስ ግን ከምን ዓይነት ልብ እንደሚወጣ አላውቅም። መንገዱን ሁሉ ስንመለስ አባቴ “የሰው ገመና ነው፤ ለማንም እንዳትተነፍሺ” ብሎ አስምሎኝ ነበር። ዝም ብዬም ነበር። ደብዳቤያችሁ ሲመጣ ግን የእርስዎን ገመና የሸፈነው ሰው በዚህ ብርድ ጃኬቱን እንዲያወልቅ ተፈረደበት። መሐላዬን ስላፈረስኩ ከአባቴ ጋር እኔ እጨርሳለሁ፤ ከእርስዎ ጋር ግን በአደባባይ ነው የምጨርሰው።

አምስተኛ፤ ወደ ምስጋናዬ ልመለስና፣ ስለ ፎቶግራፉ። በማኅበሩ አዳራሽ ከበሩ ትይዩ የጣውላ በር አክሎ ተሰቅሏል ይባላል። ሞተርዎ ጠፍቶ በቁልቁለቱ በዝምታ መግባትዎን መጽሔታችሁ “ለመሥራቹ ክብር ሲሉ ሞተራቸውን አጥፍተው ገቡ” ብሎ ጽፎታል። ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ መርፌ ወጋኝ። በፎቶው ላይ ከፊት መብራትዎ ሥር አንዲት ቢጫ ነገር ተንጠልጥላ ትታያለች። የገመዳችን ቁራጭ ናት። አባላቱ ግን አዲስ ጌጥ መስላቸው አረፈች! አሁን ሁሉም ከመብራቱ ሥር ቢጫ ነገር እያንጠለጠለ ነው። ምክትልዎ ሱቄ ድረስ መጥተው “እንደ ሊቀመንበሩ ያለ ቢጫ ዘርፍ” ለአባላቱ በሙሉ አዝዘውኛል። አብረዋቸው የመጡት ጥርስ ሐኪም ትርጉሙን ሳይቀር አስረዱኝ፦ ቢጫው ጀግንነት ነው፤ ወደ ታች መንጠልጠሉ ትሕትና ነው። እኔም ሜትሬን አንገቴ ላይ እንደጣልኩ “እንዴት ደስ ይላል” አልኳቸው።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ የምለምነው ጥቂት ነው። ነጎድጓድን ውደዱ፤ ማንም አልከለከላችሁም፤ አባቴም ይወደዋል። ውበቱን አልክድም፣ ድምፁም ሆድ ውስጥ ድረስ ይገባል። ነገር ግን ሰው የሚወደውን ዕቃ ጉድለት ሌላ ሰው ላይ መላከክ የለበትም። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም፤ ዓርማም ከተራራ አያወርድም። በመጪው ስብሰባ በአባላቱ ፊት ተነሥተው ማን ማንን እንደጠበቀ፣ ማን ማንን እንደጎተተ በራስዎ አፍ ይናገሩ። ከዚያ ቤታችን ይምጡ። ጃኬቱ ሱቄ ውስጥ ማንጠልጠያ ላይ ነው፤ ተቦርሿል፣ የላላው ቁልፉም ተተክሏል። በእጅዎ ወስደው በአባቴ ትከሻ ላይ ያድርጉለት። እኔ ሞክሬያለሁ፤ ከእኔ አይቀበልም። ማኅበሩ ነው ያስወለቀኝ፣ ማኅበሩ ካላለበሰኝ ይላል። የማኅበሩ እጅ ደግሞ ለጊዜው፣ ምን ይደረግ፣ የእርስዎ እጅ ነው።

ሲመጡ ያንን የተቆረጠ ገመድ እንደማያነሣብዎት በእሱ ስም ቃል እገባለሁ። ወንበር ስቦ ያስቀምጥዎታል፤ ሞተርህ ደህና ነው ወይ ብሎም ይጠይቅዎታል። ያን ጊዜ ቢያፍሩ ጥሩ ምልክት ነው።

የጫማዎን አቧራ እንኳ ለማራገፍ የማልበቃ፣ ነገር ግን የተራራውን ዳገት ሙሉ አቧራዬን ያቃምኩዎት፣

የጋሽ ካንዴላ ልጅ፣ የሁለት ልጆች እናት፣
የማኅበሩ ጃኬት ሰፊ እና የስፌት መኪና ነጂ።

ማሳሰቢያ፦ የታዘዙት ቢጫ ዘርፎች ደርሰዋልና ሰው ይላኩ። ለጌጥ ቢሆን አንድ ስንዝር ይበቃ ነበር፤ እኔ ግን ማኅበሩን ስለማውቀው እያንዳንዱን ለመጎተቻ በሚበቃ ርዝመት ቆርጬዋለሁ።